ማግኒዚየሙን ለእማዬ ልላክላት ወይስ ይቅር?

ሻንጣ አሳሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሜሪላንድ ነኝ። እማዬ አዲስ አበባ ናት፣ 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ሜትፎርሚን ትወስዳለች፣ ግሊቤንክላማይድም ተጨምሮላታል፣ ሁለቱም ስኳር የሚያወርዱ ክኒኖች ናቸው። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አገር ቤት ስለሚገባ ማግኒዚየምና ክሮሚየም ልሰድላት ገዝቻለሁ። ባለቤቴ «ሐኪሟ ሳያውቅ እንዳትልኪ» ብሎ ተቆጣ። ማዕድን እኮ ነው፣ መድኃኒት አይደለም! እስቲ ፍረዱን።

ብሩህ ቀን፦ ላኪላት እህቴ። ስኳር ከፍ ሲል ማግኒዚየም ከሽንት ጋር ተጠርጎ ይወጣል፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ማነሱ የተለመደ ነው። እኔ ራሴ ሌሊት ባቴን እየጨመደደኝ እጮህ ነበር፣ ማግኒዚየም ከጀመርኩ ወዲህ ተኝቼ አድራለሁ። ሐኪም ቤት ብትሄድስ ማን ይለካላታል? ወረፋው ራሱ ስኳር ይጨምራል።

የሰፈሩ ፋርማሲስት፦ ብሩህ፣ ማነሱ እውነት ነው። ግን የጎደለን መሙላትና ባልጎደለ ላይ መጨመር ለየቅል ናቸው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም ጉድለት የሌለበት ሰው ስኳሩን ለማውረድ ብሎ ክሮሚየምም ሆነ ሌላ ማዕድን እንዲወስድ አይመክርም። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ኩላሊቷ ነው። ትርፍ ማግኒዚየም የሚወጣው በኩላሊት ነው፣ ስኳር ደግሞ ኩላሊትን ቀስ እያለ ነው የሚጎዳው፣ ሕመምተኛው ሳይሰማው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የደከመ ኩላሊት ላይ ማግኒዚየም ሲጠራቀም የደም ግፊት ያወርዳል፣ ሰውነት ያዝላል፣ ሲብስም የልብ ምት ያዛባል። ክሬቲኒን፣ ያንን የኩላሊት ምርመራ፣ የተለካችው መቼ ነው?

ሻንጣ አሳሪዋ፦ እኔ እንጃ። ሁሌ «ደህና ነሽ ተባልኩ» ነው የምትለኝ። የእናቶችን ሪፖርት ታውቁት የለ።

ብሩህ ቀን፦ ሽምብራም የዱባ ፍሬም ጤፍም ማግኒዚየም አላቸው፣ እነሱንም በማዘዣ እንብላ? አሜሪካ ውስጥ እኮ ሱፐርማርኬት ተደርድሮ ነው የሚሸጠው። አደገኛ ቢሆን ያግዱት ነበር።

የሰፈሩ ፋርማሲስት፦ የሽምብራውን ትብላ፣ ማን ከለከላት። አሜሪካ ያስቀመጠችው ጣሪያ ለአዋቂ በቀን 350 ሚሊግራም ነው፣ እሱም ከክኒን ለሚገኘው እንጂ ለምግቡ አይደለም። ሱፐርማርኬት መደርደሩን ግን አትጥቀስብኝ። በፈረንጆቹ 1994 የወጣው ሕግ ሳፕሊመንት፣ ማለት እንዲህ ያለ ማሟያ ክኒን፣ ገበያ ሳይገባ በፊት የኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) ፈቃድ አይጠይቅም። ክሮሚየምንማ ኤፍዲኤ ራሱ በ2005 አይቶታል። ከስኳር ጋር አያይዞ ማስተዋወቅ የፈለገ አምራች፣ ማስረጃው አንድ ትንሽ ጥናት ብቻ እንደሆነና ነገሩ እጅግ አጠራጣሪ መሆኑን አብሮ እንዲጽፍ ነው የተባለው።

የሁዳዴ ልጅ፦ አባቴም ግሊቤንክላማይድ ነበር የሚወስዱት። ዘመድ የላከላቸውን ክሮሚየም ከእኛ ደብቀው ይውጣሉ ለካ። ሁዳዴ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሱም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስኳራቸው ወርዶ ላብ በላብ ሆነው ተንበረከኩ። ደግነቱ ራሳቸውን አልሳቱም፣ ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣናቸው። ክሮሚየሙ ይሁን ክኒኑ ይሁን ጾሙ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሐኪማቸው ክሮሚየም መኖሩን እንኳ አልሰማም፣ ምን ብሎ መጠን ይቀንስላቸው?

ብሩህ ቀን፦ እግዚአብሔር ይማራቸው። እሱ ግን ጾሙ ነው።

የሁዳዴ ልጅ፦ ጾሙንማ ስንት ዓመት ጾመውታል ወንድሜ።

የጎንደሯ እናት፦ ልጆች፣ የኔን ስሙኝ። ደም አንሶሽ ተብዬ አይረን ታዘዘልኝ። ከወራት በኋላ የሦስት ወሩ ስኳር ምርመራ ከ8.1 ወደ 7.3 ወረደ። ብረት ስኳር ፈወሰ ብዬ ሰፈሩን አዳረስኩት፣ ሁለት ጎረቤቶቼም ገዝተው ጀመሩ። ሐኪሙ ሲሰማ ሳቀብኝ። በአይረን ማነስ የመጣ የደም ማነስ ያንን ምርመራ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል አለኝ። ጣቴን እየወጋሁ የምለካው ግን ያው ነበር፣ ደብተሬ ላይ አለ። ያሳፈረኝ ለጎረቤቶቼ መንገሩ ነው፣ አንዷ እስካሁን አታምነኝም።

የሰፈሩ ፋርማሲስት፦ እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። «እኔ ወስጄ ወርዶልኛል» ለሚለኝ ሁሉ ይህንን ነው የምነግረው። ሻንጣ አሳሪዋ፣ እናትሽ እግሯን ያቃጥላታል? ይደነዝዛታል? ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ያሳንሳል፣ ማነሱም እንዲህ ያደርጋል፣ ሰው ግን ማግኒዚየም ነው ብሎ ይገዛል። የጨጓራ መድኃኒትስ ትወስዳለች?

ሻንጣ አሳሪዋ፦ ኦሜፕራዞል? እሱማ ቀለቧ ነው፣ ስንት ዓመቷ።

የሰፈሩ ፋርማሲስት፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ለብሩህ ልስጠው። ኤፍዲኤ በ2011 እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የጨጓራ መድኃኒቶች ለረዥም ጊዜ ሲወሰዱ ማግኒዚየም ሊያሳንሱ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል።

ብሩህ ቀን፦ አላልኩም!

የሰፈሩ ፋርማሲስት፦ ቆይ፣ አትጨፍር። ስለዚህ ትለካ ነው ያልኩት። ማግኒዚየም፣ ክሬቲኒንና ቢ12 ትመርመር፣ ኦሜፕራዞሉም የግድ ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሟን ትጠይቅ። ጎድሎ ከተገኘ ጠርሙሱን እኔ ራሴ ላኪላት እልሻለሁ።

ብሩህ ቀን፦ ምርመራው እስኪገኝ ክረምት ይገባል።

ሻንጣ አሳሪዋ፦ አሁን ደወልኩላት። ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ከዱባይ የመጣልኝን እየዋጥኩ ነው፣ ለስኳር ነው አሉኝ፣ አንቺም ጨምሪልኝ።» ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ክዳኑ ቢጫ ነው አለችኝ። የጎረቤት ልጅ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ለምኛለሁ። ክሮሚየሙን ከሻንጣው አውጥቻለሁ። ማግኒዚየሙ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ባለቤቴም እያየኝ ነው።