እህቴ ከወለደች 7 ወሯ ነው፣ ድምፅ መስማቱ ቆሟል ግን ወደ ራሷ አልተመለሰችም

ጠያቂ፦
ሰላም ናችሁ። እህቴ በወለደች በሳምንቷ እንቅልፍ እምቢ ብሏት ድምፅ እየሰማች፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው እያለች ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ጠፍቷል፣ መድኃኒቷንም ትወስዳለች፣ ግን ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ከልጇ ጋ ብቻዋን መሆን ትፈራለች። እናቴ ደሞ ያደነዘዛት ኪኒኑ ነው ይቅርባት፣ ጸበል ትግባ ትላለች። ያለፋችሁበት ምን አረጋችሁ?

የማራኪዋ፦
አይዞሽ እታለም፣ እኔም በመጀመሪያ ልጄ አሞኝ ነበር። ድምፁ ሲቆም ሰው ሁሉ ዳነች ብሎ ወደየቤቱ ሄደ፣ ለኔ የባሰው ግን ያኔ ነው የጀመረው፤ ያልኩት ያረኩት ትዝ እያለኝ ሰው ፊት መውጣት አቃተኝ፣ ልጄ ክርስትና ሲነሳ እንኳን ብዙ አላስታውስም፣ እሱ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ደህና የሆንኩት ልጄ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ልጁን ወስዳችሁ አታሳድጉላት፣ አጠገቧ ሁኑና እሷ ታጥበው እሷ ታብላው። ስለዛ ሰሞን ከጠየቀቻችሁም እውነቱን ንገሯት።

የሳይካትሪ ነርስ፦
ይሄ ፖስትፓርተም ሳይኮሲስ የሚባለው፣ ከወሊድ በኋላ ከ1000 እናቶች 1 ወይ 2 ላይ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ይመስላል። ዋናው ሕመም በሳምንታት ሊበርድ ይችላል፣ ሙሉ ለሙሉ ማገገም ግን ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይፈጃል፣ አንዳንዷ ከዛም በላይ። በኋላ ድብርት መከተሉ የተለመደ ስለሆነ ለቅሶዋን ለሐኪሟ ንገሩ። መደንዘዙ የኪኒኑም ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሟ ያስተካክለዋል፣ በራሳችሁ ካቆማችሁት ግን ሊያገረሽባት ይችላል። ጸበሉን እየተጠመቀች ኪኒኗን ትዋጥ፣ የጾም ነገር ካስጨነቃት የንስሐ አባቷን አማክሩ። ሌሊት ልጁን ሌላ ሰው ይያዘው እሷ ትተኛ። እንቅልፍ እንደገና ከጠፋ፣ ወይ ስለመሞት ወይ ልጁን ስለመጉዳት ካወራች ቀጠሮ አትጠብቁ፣ የዛኑ ቀን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፣ ብቻዋንም አትተዋት።

አባወራ ከአዘዞ፦
ስለሚቀጥለው ልጅ ማንም አላነሳም። ባለቤቴ ታማ ነበር፣ በሚቀጥለው ወሊድ የመመለስ እድሉ ከሁለት አንድ ያህል ነው ብለው ነገሩን፣ ስለዚህ ሳታረግዝ በፊት ከሐኪሟ ጋ ተነጋግረን ነው የወለድነው።

የሳይካትሪ ነርስ፦
ልክ ነው። የምትወስደው ቫልፕሮኤት የሚባለው ኪኒን ከሆነ ደሞ ለጽንስ አደገኛ ነው፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ካሁኑ ይታሰብበት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለቀጠሮው እናቴን ይዣት እሄዳለሁ፣ ከሐኪሙ አፍ ትስማው። ጎረቤት ምን ሆና ነው ሲል ግን ምን ልበል?

የማራኪዋ፦
አራስ ቤት አሟት ነበር፣ እየተሻላት ነው በያቸው። ሌላውን እሷ ከፈለገች ትንገራቸው።