የጡት ቱቦ ሌዘር፦ ረቂቁ ላይ እንነጋገር

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄው ረቂቅ ዓርብ ይገባል፣ እስካሁን ግን «የሌዘር መሣሪያ ይገዛልን» ከሚለው ብዙም አላለፈም። የምናወራው ከአንድ ጡት፣ ከአንድ ቀዳዳ፣ ሳይጨመቅ በራሱ ደም ወይም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ስለሚወጣቸው ሴቶች ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፓፒሎማ ነው፣ ወተት ቱቦው ውስጥ የበቀለች ትንሽ እባጭ። ካንሰር አይደለችም። ግን ከእነዚህ ሴቶች ጥቂቶቹ ላይ ካንሰር ስለሚገኝ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የቀዶ ሕክምና ባልደረባ፦ እኔ እስካሁን ቆርጬ ነው የማወጣው። የታመመው ቱቦ የቱ እንደሆነ ካልታወቀ ከጫፉ ሥር ያሉት በሙሉ ይወጣሉ፣ ከዚያ በዚያ ጡት ማጥባት የለም። በቅርቡ አንዲት ሁለተኛ ልጅ የምትፈልግ ወጣት መጣች። ጡት መያዣዋ ውስጥ ሶፍት አጥፋ እያስገባች ሦስት ወር ለእናቷ እንኳን አልተነፈሰችም። ማሞግራፊዋ ንጹሕ ነው። እስቲ ምን ልበላት?

ነርስ፣ ከሆላንድ፦ ዳክቶስኮፒ፣ ማለትም በቀጭን ካሜራ ወተት ቱቦው ውስጥ ገብቶ ማየት፣ ሲሠራ አይቻለሁ። ካሜራዋ ውፍረቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ጫፉን ያደነዝዛሉ፣ ቀዳዳውን በቀጫጭን ብረት ቀስ እያሉ ያሰፋሉ፣ ከዚያ የጨው ውሃ እየለቀቁ ይገባሉ። ስክሪኑ ላይ ቱቦው እየተከፋፈለ የሚሄድ ዋሻ ነው የሚመስለው፣ ፓፒሎማዋ ደግሞ ቁርጥ እንጆሪ። ታካሚዋ ነቅታ አብራ ታያለች! ትንሿን በቅርጫት መሳይ ሽቦ ይጎትቷታል። መሠረቷ ሰፋ ሲል ግን ሽቦው እሺ አይልም፣ ሌዘሩ የመጣው ለዚህ ነው። የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሰዎች ቱሊየም ሌዘርን መጀመሪያ በቀዶ በወጣ ጡት ላይ ሞከሩት፣ ቀጥሎ በታካሚዎች ላይ።

ከፓቶሎጂ፦ ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላደፈርስ ነው። ሌዘር ያተናል፣ ያቃጥላል። ያረረ ሥጋ ማይክሮስኮፕ ሥር ምን ይነግረኛል? መጀመሪያ ናሙና፣ ከዚያ ሌዘር። አቲፒያ፣ ማለትም መልካቸው ከጤነኛው የተለየ ሴሎች፣ ካገኘሁባት ደግሞ ወደ ቀዶ ሕክምናው ነው የምትመለሰው። ይህ ካልተጻፈ ስሜ አይግባ።

የቀዶ ሕክምና ባልደረባ፦ እስማማለሁ። እንዲያውም ካሜራዋ ብቻዋን ብትመጣ እንኳን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፣ የታመመውን ቱቦ ለይቼ የቀረውን እተዋለሁ።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው እንዲህ ላድርገው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ካሜራዋ፣ ናሙና መውሰጃው፣ የሁለት ሐኪሞች ሥልጠና። ሌዘሩ ምዕራፍ ሁለት። የጥገና በጀት ይግባ፣ ያቺ ቀጭን ነገር መሰበሯ አይቀርም።

ነርስ፣ ከሆላንድ፦ ግን «ሌዘር»ን ከርዕሱ አታውጡብኝ። ገንዘብ ሰጪው ገጹን የሚገልጠው እሱን ሲያይ ነው።

ከፓቶሎጂ፦ ይግባ፣ ከ«ናሙና» ኋላ።