ለስኳር ሕመምተኛ የዕለት ምግብ፦ ገንዘባችንን የቱ ላይ እናውል?

ጥያቄ፦ እናቴ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር እንዳለባት ካወቅን ሁለት ወራችን ነው። የምትወስደው መድኃኒት ሜትፎርሚን ብቻ ነው። ሐኪሙ «ምግብዎን ያስተካክሉ» ብለው ሸኙን፤ እንዴት እንደሚስተካከል ግን የነገረን የለም። የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋ ልውሰዳት፣ የስልክ መተግበሪያ ልጫንላት፣ ወይስ «ከስኳር ነፃ» የሚባሉትን ምግቦች ልግዛላት? ለሁሉም አቅም የለኝም። የሞከራችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። የአባቴን ምግብ ማዘጋጀት ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። አቅምሽ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ የደም ስኳር መለኪያና ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግል የመለኪያው ቁራጭ) ግዢ። ከተረፈሽ የሥነ ምግብ ባለሙያ ጨምሪበት። «ከስኳር ነፃ» ብስኩቱን ግን ተዪው።

እኛ ያንን ብስኩት አንድ ዓመት ሙሉ ገዛን። አንድ ቀን ከመብላቱ በፊት ለካሁት፣ 128 (የደም ስኳር ቁጥሮቹ ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው)። ከሁለት ሰዓት በኋላ 231! ደንግጬ የማሸጊያውን ጀርባ ሳነብ መጀመሪያ የተጻፈው የስንዴ ዱቄት፣ ቀጥሎ ማልቲቶል የተባለ የስኳር ምትክ ማጣፈጫ ነው። ዱቄቱ ሆድ ውስጥ ያው ስኳር ይሆናል። ማልቲቶልም ከስኳር ባነሰ መጠን ቢሆንም የደም ስኳር ከፍ ማድረጉ አይቀርም፣ ሲበዛም ሆድ ያላላል። ስለዚህ የፊቱን ጽሑፍ እለፊና ከጀርባ «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» የሚለውን ፈልጊ። ቁጥሩ ለስንት ፍሬ እንደተሰላም እይ፤ የእኛው ለሁለት ብስኩት ነበር፣ አባቴ የሚበላው ስድስት።

መለኪያው የሚጠቅመው ጥንድ ጥንድ አድርገሽ ስትለኪ ነው። አንዱን ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት፣ ሌላውን ከዚያች ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ። ለብዙ አዋቂዎች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ በኋላ ከ180 በታች ጥሩ ይባላል፤ የእናትሽን ሐኪማቸው ይወስኑ። አንድ ሳምንት ቁርስን ብቻ ያዢ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪና እንደገና ለኪ። የአባቴን ሩዝ በግማሽ ቀንሰን ቦታውን በምስርና በአትክልት ስንሞላው በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ጭማሪ ከ95 ወደ 40 ወረደ። ይህን ማንም ምክር ሰጪ አልነገረንም፣ የራሱ ጣት ነው የነገረን።

መለኪያ ስትገዢ አስቀድመሽ የስትሪፑን ዋጋና እንደልብ መገኘቱን ጠይቂ። መሣሪያው አንዴ ነው፣ ስትሪፑ ግን ሁልጊዜ ነው። የስትሪፑን ዕቃ ክዳን ወዲያው ግጠሚ፣ ጊዜው ያለፈበትን አትጠቀሚ። ከመውጋትሽ በፊት እጃቸውን ይታጠቡ፤ ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳሩን ያለማቋረጥ የሚለካው ዳሳሽ ኢንሱሊን ለሚወስድ ትልቅ እረፍት ነው። ግን በየ10 ወይም 15 ቀኑ ይቀየራል፣ ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስድ ደግሞ የግድ አይደለም።

መተግበሪያው የድስትሽን ዘይትና የጭልፋሽን ልክ አያውቅም፤ ደብተር ይበቃል። ባለሙያ ጋ ስትሄዱ ያንን ደብተር ያዙ። ምን እንደሚበሉ፣ ማን እንደሚያበስል፣ የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስዱ ሳይጠይቅ የታተመ ወረቀት የሚሰጣችሁ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። እስከዚያው 23 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሳህን ውሰጂና ግማሹን አትክልት፣ ሩቡን እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሥጋ፣ ሩቡን ሩዝ ወይም ዳቦ አድርጊው።

ሌላ መልስ፦ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ባለቤቴ ኢንሱሊን ይወስዳል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር ዳቦና ሩዝ በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርድበታል። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። «ከስኳር ነፃ» መጠጥ እዚህ ላይ ምንም አይረዳም። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታድርጉ፣ ወደ ሕክምና አድርሱት።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ። እናቴ ጠዋት ያለ ዳቦ አይሆንላትም፤ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ አትከልክያቸው። ከሙሉ እህል የተሠራ፣ አንድ ቁራጭ ይሁን፤ ቡናማ መልኩ ቀለምም ሊሆን ስለሚችል ዝርዝሩን አንብቢ። እንቁላሉንና አትክልቱን አስቀድመው፣ ዳቦውን መጨረሻ ላይ ይብሉ። ከቁርስ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ አብረሻቸው ተራመጂ። ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ለክተሽ ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልን።