ኤፒ ካልኩለስ ቢሲን በአንድ ዓመት እንዴት ላዳርሰው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ኤፒ ካልኩለስ ቢሲን፣ ማለትም በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠውን የኮሌጅ ደረጃ የካልኩለስ ኮርስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልይዝ ነው። 10 ምዕራፍ አለው፣ ፈተናው ደግሞ ሜይ ላይ ነው። ልጆቹ ኤቢን (ከቢሲ ያነሰ ይዘት ያለውን የካልኩለስ ኮርስ) አልወሰዱም፣ ለካልኩለስ ከሚያዘጋጀው ከፕሪካልኩለስ በቀጥታ ነው የሚመጡልኝ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሊሚት ላይ ስንት ሳምንት ልቆይ?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ከሦስት ሳምንት እንዳታሳልፊ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ሊሚት ላይ ብዙ ቆየሁና የመጨረሻው ምዕራፍ ሲሪስ (ማለቂያ የሌላቸው የቁጥር ድምሮች) ላይ ስደርስ የቀረኝ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር፣ ልጆቹ አሳዘኑኝ። ሲሪስ ብቻውን ከቢሲ ፈተና 17 እስከ 18 በመቶ ይይዛል። ፌብሩዋሪ ላይ ጀምሪው፣ ኤፕሪልን ለክለሳ ተዪው።

መልስ 2፦
ልክ ነው፣ ግን ልጆቹን የሚጥላቸው አልጀብራው ነው። አንዷ ተማሪዬ የ«ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 9»ን ስኩዌር ሩት «ኤክስ ሲደመር 3» ብላ ጻፈች። በኤክስ ቦታ 4 አስገቢ አልኳት። በአንዱ 5፣ በሌላው 7 ሲመጣባት ስህተቷን ራሷ አገኘችው። በየቀኑ የክፍለ ጊዜውን የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ለእንዲህ ዓይነቱ ስጪ።

መልስ 3፦
ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ምክንያት አጽፊያቸው። 6ቱ የጽሑፍ ጥያቄዎች የውጤቱን ግማሽ ይይዛሉ። «ዴሪቬቲቩ (የለውጥ ፍጥነቱ) ዜሮ ስለሆነ ማክሲመም ነው» የሚል መልስ ማርክ አያሰጥም፣ ዴሪቬቲቩ እዚያ ነጥብ ላይ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ መቀየሩን መጻፍ አለባቸው።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ዕቅዱን ዛሬ ማታ ከሲሪስ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ እሠራዋለሁ።