ከእርሻው መሬት የወጡት ብረቶች፦ ለትምህርት ቤቱ የምናቀርበው ሐሳብ ላይ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ይሄው። ለቤት መሥሪያ በተመራው የድሮ እርሻ መሬት ላይ ግሬደሩ አፈሩን ሲገፋ የወጡትን ብረቶች፣ ቆራሌ ጭኖ ሳይጨርሳቸው፣ ምን ምን እንደሆኑ ለይተን ቁጥር ሰጥተን ለትምህርት ቤቱ ማስረከብ ነው። ከማኅበራችን ሣጥን የሚወጣው ለመጓጓዣ ብቻ። እስከ እሁድ ሐሳባችሁን ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለመጓጓዣ ስንት? ባለፈው ለመታሰቢያ ሰሌዳውም እንዲሁ ተብሎ የወጣው ብር የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መጠኑ ካልተጻፈ አልፈርምም።

አሰላ ያለሁት፦ ፎቶውን ለኔ ተዉት፣ ቅዳሜ ሜትር ይዤ እሄዳለሁ። ልኬት የሌለው ፎቶ ዋጋ የለውም።

የመካኒኩ ልጅ፦ ዝርዝሩ ላይ ተራ ቁጥር 1 ይስተካከል። "የማረሻ ዲስክ" ተብሏል፣ አይደለም። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ እኮ አራት ማዕዘን ነው። ይሄ የሀሮ ነው፣ ከታረሰ በኋላ ጓሉን የሚከሰክሰው መሣሪያ። የሀሮ ዲስኮች ባንድ ካሬ ዘንግ ላይ ተደርድረው ነው የሚገቡት፣ አንድ ላይ እንዲዞሩ። የማረሻው እያንዳንዱ ዲስክ ለብቻው ኩሽኔታ አለው፣ በቡሎን ነው የሚታሰረው፣ ስለዚህ የቡሎን ቀዳዳዎች ይኖሩታል። እዚህ ላይ አንድም የለም።

ትራክተር የነዳሁት፦ እኔ እዛ መሬት ላይ ማሴ ፈርጉሰንም ቤላሩስም ነድቻለሁ። ባለሦስት ዲስክ ማረሻ ነበር የምንጎትተው። ያ የማረሻ ዲስክ ነው፣ ስፋቱ ራሱ ይናገራል።

የመካኒኩ ልጅ፦ ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ስፋት አይለይም። አዎ የማረሻው ብዙ ጊዜ ሰፋ ይላል፣ 60 እና 70 ሴንቲ ይደርሳል፣ ግን ከባዱ ሀሮ ላይም ያን የሚያህል አለ። ቀዳዳውን ነው ማየት።

ትራክተር የነዳሁት፦ አባትህ ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚውለው፣ እኛ ነን ማሳ ላይ የዋልነው። ከፎቶ ላይ ልታስተምረኝ ነው?

የመካኒኩ ልጅ፦ አባቴን እዚህ ውስጥ አያስገቡት። ማታ ማታ በፋኖስ እየበየደ ያንን ሁሉ ማረሻ ለጠዋት የሚያደርስላችሁ ማን ነበር?

ሰብሳቢ፦ ኧረ ተዉ። ለጊዜው "ዲስክ" ብቻ ብለን እንለፈው።

የመካኒኩ ልጅ፦ እንዴት ነው የሚታለፈው? ትምህርት ቤት እኮ ነው የምንሰጠው። ልጆቹ የተሳሳተ ነገር ሊማሩ ነው?

የጭሰኛው የልጅ ልጅ፦ ስለ አንድ ዲስክ ይሄን ያህል ስትጻጻፉ ብረቱ ስር ምን እንደሚጻፍ አንድ ሰው አላነሳም። ስዊድኖቹ ካዱን፣ የጭላሎን የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በ1960 አሰላ ላይ ሲጀምሩ ለትንሹ ገበሬ ነው ተብሎ ነበር፣ ከዛ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ስንዴውን አዋጭ ሲያደርገው ባለመሬቱ ሁሉ ጭሰኛውን እያስነሳ ትራክተር አስገባበት። አያቴ የተነሱት በዛ ጊዜ ነው፣ አምስት ልጅ ይዘው። የየካቲት 67ቱ አዋጅ ሲመጣ ደግሞ መሬቱ የመንግሥት እርሻ ሆነ እንጂ ለሳቸው አልተመለሰም። ለእናንተ የደሞዝና የኩራት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ለኛ ቤት ግን ያ ትራክተር ሌላ ነገር ነው። ይሄ ካልተጻፈ እኔ ሐሳቡን አልደግፍም።

ሰብሳቢ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ ይካተታል። ጽሑፉን አንቺ አዘጋጂልን።

ትራክተር የነዳሁት፦ ይጻፍ፣ እውነት ነው። ዲስኩ ግን የማረሻ ነው።

ከዲሲ፦ ምንም ይሁን ምን ዲስኩ ያምራል። እኔ ዶላር እልካለሁ፣ ግን ብረት መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ አቧራ ሲጠጣ ማን ያየዋል? ለትምህርት ቤቱ በር እናሠራለት፣ ዲስኮቹ በሩ ላይ ይበየዱ፣ ከላይ የማኅበሩ ስም ይግባበት። መንገደኛው ሁሉ ያየዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ በር በረቂቁ ውስጥ የለም።

የመካኒኩ ልጅ፦ ከተበየደ በኋላማ መለየት አበቃ። ግራይንደር እንዳታስነኩት፣ እባካችሁ። ተቀልጦ የተሠራ ብረት ላይ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የወጣ ቁጥር አለ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ፍቁት፣ ከዛ ጠመኔ ስታሹበት ይነበባል። የፋብሪካውን ዕቃ ቁጥር የምናገኘው ከዛ ነው። ተራ 4 ላይ ያሉት ባለሦስት ማዕዘን ስለቶች የኮምባይነር ማጨጃ ናቸው፣ ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ አለው፣ በእጅ እንዳትይዟቸው። ተራ 5 ሰያፍ ግርፍ ያለበት ረጅሙ ብረት የመውቂያው ከበሮ ላይ የሚታሰረው ነው። ግርፉ አንዱ ላይ ወደ ግራ አንዱ ላይ ወደ ቀኝ ነው የሚያጋድለው፣ ተራ በተራ ነው የሚታሰሩት፣ ስለዚህ ባለሌላ አቅጣጫው እዛው አካባቢ ይኖራል፣ ፈልጉት።

ትራክተር የነዳሁት፦ እሱስ ልክ ነህ። የምሥራቅ ጀርመኖቹ ፎርትሽሪት ኢ 512 ኮምባይነር ነበረን፣ በመጨረሻ መለዋወጫ ሲጠፋ አንዱን አፍርሰን ለሌላው ስንሰጥ ከርመናል። እዛ የተቀበረው ያ የፈረሰው ይሆናል። አባትህ ነበር የሚያፈርሰው፣ ነፍሱን ይማር፣ እጁ ወርቅ ነበር።

የመካኒኩ ልጅ፦ አሜን ጋሼ።

ሰብሳቢ፦ አሰላ ያለኸው፣ ፎቶውና ልኬቱ የት ደረሰ?

ሰብሳቢ፦ ስልክም አያነሳም። ያየው ሰው አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ ለትራንስፖርት ሰጥቼዋለሁ፣ ደረሰኝ ይዞ ይምጣ።

የጭሰኛው የልጅ ልጅ፦ ጽሑፉን አንድ ገጽ አድርጌ ልኬላችኋለሁ፣ ማንም አላነበበውም።

ከዲሲ፦ በር ላይ አንድ ገጽ አይገባም እህቴ፣ ሁለት መስመር አድርጊው። ለበሩ ከሆነ ነገውኑ እልካለሁ፣ ለመጓጓዣ ግን አልልክም።

የጭሰኛው የልጅ ልጅ፦ ሁለት መስመር ላይ አያቴን የት ላስገባቸው?

ሰብሳቢ፦ ገንዘብ እንዳናጣ በሩን ረቂቁ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። የመለየቱ ሥራ ሁለተኛ ዙር ይሁን።

የመካኒኩ ልጅ፦ ሁለተኛ ዙር ማለት የለም ማለት ነው። መጀመሪያ ለመለየት ነበር የተሰበሰብነው!

ገንዘብ ያዥ፦ የዲሲው ብር ሳይገባ ለበር ከሣጥን አንድ ብር አላወጣም። የብየዳ ዋጋ ሁለት ቦታ ተጠይቆ በጽሑፍ ይምጣ።

ትራክተር የነዳሁት፦ እናንተ እስክትስማሙ ቆራሌው በኪሎ እየመዘነ ነው፣ ትናንት ከባድ ከባዱን ሲጭን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገ ጋሪ ተከራይቼ የኮምባይነሩን ብረትና ዲስኮቹን እኔ ግቢ አስገባለሁ። የመካኒኩ ልጅ፣ የሽቦ ብሩሽህን ይዘህ በጠዋት ድረስ፣ ጋሪውን ብቻዬን አልጭንም።