የጋሊያኖ ፓነል፦ የየካቲት 23 ፕሮፖዛላችን

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁም፣ ለአድዋ በዓል የምናቆመው የኤግዚቢሽን ሰሌዳ (ፓነል) ፕሮፖዛል እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። አንድ የጣልያን መኮንን በደንብ እናሳይ ተብሎ ነበር፣ እኔ ሻለቃ ጁሴፔ ጋሊያኖን ነው ያሰብኩት። በታኅሣሥ 1886 ኤርትራ ውስጥ አቆርዳት ላይ ከመሃዲስቶች (ከሱዳን የመሃዲ ተከታዮች) ጋር ተዋግቷል፣ መቀሌ ላይ ተከቧል፣ አድዋ ላይ ሞቷል። የሱን አገልግሎት ተከትለን ብንሄድ ጣልያን እንዴት እየገፋ እንደመጣ ይታያል።

የካርታ ክፍል፦ ደስ ይላል፣ ግን የህይወት ታሪክ ብቻ ከሆነ ሰው ቆሞ አያነበውም። እኔ ለውሃው ነው ቦታ የምሰጠው። ኅዳር 28 ቀን 1888 አምባላጌ ላይ የጣልያኑ ሻለቃ ቶዘሊ ሲወድቅ ጋሊያኖ መቀሌ ባለው የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ሆኖ ጠበቀ፣ የኛ ሰዎች ግንቡን ለመስበር እየሮጡ ወጥተው ስንቱ አለቀ፣ ምሽጉ ግን አልተደፈረም። ምንጩ ከግንቡ ውጭ ነበር! እቴጌ ጣይቱ ምንጩ ይያዝ አሉ፣ ከተያዘ በኋላ መድፉም ግንቡም ምን ይሰራለታል። ስለዚህ መሃል ላይ የምሽጉና የምንጩ ካርታ ይግባ፣ የሰውየው ፎቶ ጥግ ላይ ትንሽ ብትሆን ይበቃል።

የጽሑፍ ክፍል፦ በካርታው እስማማለሁ። አስካሪዎቹስ፣ ለጣልያን የተዋጉት የኤርትራ ወታደሮች? ጋሊያኖ የሚያዘው 3ኛው ሻለቃ ጦር እኮ ወታደሩ የአገሬው ሰው ነው፣ አብረውት የተጠሙት እነሱ ናቸው፣ የወርቅ ሜዳሊያው ግን የሱ ነው። አድዋ ላይ ከተማረኩት አስካሪዎች 800 ያህሉ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው መቆረጡም ይጻፍ።

የካርታ ክፍል፦ እሱ ለበዓል ቀን አይከብድም ወይ? ሰው በደስታ ነው የሚመጣው።

የጽሑፍ ክፍል፦ ይከብዳል፣ እኔም ሳነበው ከብዶኛል፣ ግን ከኤርትራ የመጣ ወንድማችን ፓነሉ ፊት ቆሞ ይሄን ቢያጣ ምን ይለናል? በግልፅ ይቀመጥ።

ሰብሳቢ፦ ይግባ፣ እኔም ደግፌያለሁ። ከመቀሌው ምሽግ እንዴት እንደወጡም አትርሱት፣ ፌልተር የሚባል ጣልያናዊ ነጋዴ አደራድሮ ጥር 1888 ምኒልክ መሳሪያቸውን ይዘው እንዲወጡ ፈቀዱላቸው፣ ጋሊያኖም ሌተናል ኮሎኔል ሆኖ ከወር ትንሽ አለፍ ብሎ አድዋ ላይ ተመልሶ ተሰለፈ። ካርታው ሐሙስ ይድረሰኝ፣ ጽሑፉ ደግሞ በትግርኛም ይዘጋጅ፣ የህትመቱን ዋጋ እኔ ጠይቄ በጀቱ ላይ አስገባለሁ።