«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበባችሁ ወጣቶች፣ የመጽሐፉ ልብ የት ነው ትላላችሁ?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦
የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከጓደኞቼ ጋር አንብበን ጨረስን። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ታሪኩም በጎጃም የጉልት ሥርዓት (መኳንንት ከገበሬ ግብር በሚሰበስቡበት ሥርዓት) ውስጥ የሚካሄድ በመሆኑ፣ በባቡር ምክንያት በተቆረቆረች ከተማ ላደግን ልጆች ዓለሙ እንግዳ ነው። አብዛኞቹ ጓደኞቼን የነካቸው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው፤ እኔን ግን ያስጨነቀኝ የሥርዓቱን ጉድለት አጥርቶ ያየው ጉዱ ካሳ እንደ እብድ መቆጠሩ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ (ከሐረር፣ ጁገል)፦
እህቴ፣ እኔ ፍቅሩንና ትችቱን መነጣጠል የሚቻል አይመስለኝም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋ ባይገፋ፣ በዛብህም ገና በሕፃንነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ባይሰጥ ኖሮ፣ ሁለቱ ወጣቶች ያን ያህል ባልተሰቃዩ ነበር። ደራሲው ክፉ ሰው ፈልጎ ከመውቀስ ይልቅ ልማድ ራሱ እንዴት ሰውን እንደሚያስር ማሳየቱን እጅግ አደንቃለሁ፤ ፊታውራሪው እንኳ ልጃቸውን ይወዳሉ።

መልስ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦
በሁለታችሁም ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ገበሬዎቹን ረሳችኋቸው። ያለ አግባብ ግብር ሲጠየቁ እምቢ ብለው ፊታውራሪውን የሚማርኩበት ክፍል፣ ጉዱ ካሳ በቃል የሚናገረውን በተግባር የሚገልጥ ስለሆነ፣ ለእኔ የመጽሐፉ ልብ እርሱ ነው።

መልስ (ከሐረር)፦
ረጅሙ ትረካ ለሚከብዳቸው ጓደኞቻችሁ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን እያዳመጡ ገጹን እንዲከተሉ ምከሯቸው። ታናሽ ወንድሜ መጽሐፉን የጨረሰው በዚህ መንገድ ነው።